ሃያ ስድስት ጭረት

ሰላጣው የተቀቀለ መስሏል። ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመው ችግኝ ዛሬ ጠቁሮና ልፍስፍስ ብሎ መደቡ ላይ ተኝቷል። ወንድምየውም ከችግኙ ብዙ ሳይሻል ተንበርክኮ፣ የሚነቃለት ይመስል ቅጠሉን ይደባብሳል። ከስድስቱ መደብ አንዱም አልተረፈም።

"እትዬ፣ ውርጭ ነው እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አለች ታላቅ እህቱ፣ እጇን የሹራቧ ኪስ ውስጥ እንደከተተች። "ስልክህን ጠይቀው እንጂ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ የዓመቱ የመጨረሻ ውርጭ በጣለ ቁጥር የዕቃ ቤቱን በር ከውስጥ በምስማር ትጭርና ቀኑን ትጽፍበት ነበር። ሰላጣ የሚተከለው በሩ ታይቶ ነው። ወንድሟ ከሹፍርና ሥራው ተባሮ መጣና በሩን ነቅሎ፣ በመላጊያ ልጎ፣ የችግኝ ጠረጴዛ ሠራበት። እጀ ወርቅ ነው፣ እሱስ አይካድም፤ አንድም ጭረት አላስቀረም።

"አሥር ቀን ታገሥ" ብትለው፣ የስልኩን የአየር ትንበያ አሳይቶ፣ በሰላጣ ተረካቢዎቹ ፊት "እሜቴ ውርጭ" እያለ አሳቀባት። "ይሄ ይድረስ እንጂ" አላት ሰዎቹ ሲሄዱ፣ "አንቺ ቤትሽ አርፈሽ ትቀመጫለሽ። ከእንግዲህ እርሻውን እኔ ይዤዋለሁ።" ከዚያ እርሻ ሌላ ደግሞ ምንም የላትም።

ትናንት አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጭጭ ሲል ውርጭ እንደሚጥል ገባት። የችግኝ መሸፈኛው ሸራ እሷ ሳጥን ውስጥ ነበር። ቆልፋበት ተኛች፤ ያውም ደህና እንቅልፍ።

"ሸራውንስ ለምን አልሰጠሽኝም?"

"የአሮጊት ወሬ መቼ ትሰማለህ ብዬ።"

እንባው መጣ። "አጥፍቻለሁ እትዬ። ለአንድ ዙር የሚሆን ችግኝ ቀርቶኛል። እሱም ከሞተ ጥዬልሽ እሄዳለሁ፣ የሰው መኪና እነዳለሁ። አሁን አንቺ ያልሽው ይሁን። መቼ ልትከል?"

ጭቃ የለበሱ እጆቹን አየቻቸው። ልጅ ሳለ የምታጥባቸው እሷ ነበረች። በሩ ቢላግም ጭረቱ ከልቧ አልተፋቀም፤ እንዲህ ያለው ውርጭ በጣለ በሳምንቱ ሌላ ውርጭ ሳይከተል የቀረበት ዓመት በጣት ይቆጠራል።

"ጣለ እኮ፣ ወጣለት" አለችው። "ምን ትጠብቃለህ? ዛሬውኑ ትከል።"

"እውነትሽን ነው?"

"መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ፣ የኔ ወንድም?"

ጎንበስ አለችና የመጀመሪያውን የችግኝ ትሪ ራሷ አነሳችለት።