ከምሥራቅ የመጣ አቧራ

ኮሎኔል ፀሐዬ ከንፍሮው ውስጥ ባቄላ ባቄላውን ለቀሙና ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሰለፉት።

«አየህ፣ በረሃ ላይ ታንክ መደበቂያ የለውም» አሉ፣ ከጎናቸው ለተቀመጠው ለቡሽራ። «አቧራው ያሳብቅበታል። አንተ ፀሐይን ከጀርባህ ታደርግና ዝቅ ብለህ ትመጣለህ፤ ቀና ቢል ዓይኑ ይጠፋል። ፊት ለፊት አትመታውም፣ ብረቱ ወፍራም ነው። ከኋላ ነው፣ ሞተሩ ጋ። የደረቀ ወንዝ ውስጥ ከገቡልህማ መጀመሪያ የኋለኛውን፣ ቀጥሎ የፊተኛውን ነው። መሃል ያሉት የት ይደርሳሉ?»

ይህን ብለው የኋለኛውንና የፊተኛውን ባቄላ አንስተው ጎረሱ።

የሟቹ ሚስት የሺዓለም ከድንኳኑ ሌላኛው ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች። የዕድሩ ድንኳን የመንገዱን ግማሽ ስለያዘ ከምኒልክ አደባባይ የሚወርደው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ለእሷ ግን የሚሰማት የኮሎኔሉ ድምፅ ብቻ ነው። ሽማግሌው የሞተ ጓደኛቸውን ማሞገሳቸው ነው። በሣልስቱ ቀን አብሮ የበረረ ሰው ካላሞገሰ ማን ያሞግሳል?

«ኮሎኔል፣ ትኩስ ንፍሮ ይምጣልዎት?» አለች።

«ይቆይልኝ የኔ እመቤት። ሻምበል ዘርዓብሩክ ምን ዓይነት አብራሪ እንደነበር ሰው ይወቅልኝ እንጂ።»

ሰው የተባለው ቡሽራ ነው፤ እሷ ደግሞ ከሰው ሁሉ እሱ ባይሰማ ትመርጥ ነበር።

ቡሽራ የአትክልት ነጋዴ ነው። ገበያው ከአትክልት ተራ ከተነሳ ቢቆይም የሰፈሩ ሰው ዛሬም «ቡሽራ አትክልት ተራ» ይለዋል። ዘርዓብሩክ ካረፈ ጀምሮ ከድንኳኑ የሚወጣው ለሶላት ብቻ ነው። ሽንኩርቱን በጆንያ ያስመጣው፣ ወንበር አነሰ ብሎ ከዕድሩ ዳኛ ጋር የተጨቃጨቀው፣ ቀብር ላይ የሺዓለምን በክንዷ ደግፎ ያቆማት እሱ ነው። ልጅ ላልወለዱት ባልና ሚስት የቅርብ ዘመድ ከተባለ እሱ ነበር።

ዘርዓብሩክ ከአየር ኃይል የወጣ ጊዜ፣ ከደብረ ዘይት ለቀን ፒያሳ ካልገባን ብሎ ድርቅ ሲል ምክንያቱ አልገባትም ነበር። ገቡ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ከቡሽራ ሽንኩርት መግዛት ሆነ። ቤት ያለው ሳያልቅ ሌላ ይዞ ይመጣል፤ ያደረው በየጥጉ ያቆጠቁጣል። «አንተ ሰውዬ፣ ሆቴል ልትከፍት ነው?» ስትለው ይስቃል። ዒድ በመጣ ቁጥር የቡሽራን እናት ጉልበት ሊስም ይሄዳል። አሮጊቷ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰውን ትንሹን ልጃቸውን ኢርፋንን ይጠብቁ ነበርና «ሲመጣ አስተዋውቅሃለሁ፣ ትዋደዳላችሁ» ይሉታል። ዘርዓብሩክ የዚያን ቀን ማታ እህል አይቀምስም።

ነገሩን የነገራት ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ያኔ፣ በኦጋዴኑ ጦርነት፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚመጣ የታንክ አቧራ ሁሉ የጠላት ነው ተብሎ ይመታ ነበር። አንድ ቀን ግን የመጡት፣ የማረኩትን ታንክ እየነዱ የሚመለሱ የወገን ወታደሮች ነበሩ። ዘርዓብሩክ ያወቀው ከመታ በኋላ ነው። ስማቸውን አፈላልጎ አገኘ። የመጨረሻውን ታንክ ይነዳ የነበረው የቡሽራ ወንድም ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ልነግረው እሄድና ሽንኩርት ገዝቼ እመለሳለሁ» አላት። «እንግዲህ አንቺ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

ብትናገር ቡሽራንም ልታጣው ነው። እሱንም አጥታ በዚያ ቤት ለብቻዋ እንዴት ትኖራለች? ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። ያዘችው እንጂ አልቀለላትም፤ እሱ በክንዷ በደገፋት ቁጥር ይብስባታል።

«አንድ ቀን ከጅግጅጋ ማዶ አራት ሆነው መጡ» ኮሎኔሉ ቀጥለዋል። «እኔ ከላይ ሆኜ ሰማዩን እጠብቃለሁ፣ እሱ ወረደ። ጉድ እኮ ነው፣ አይበተኑም! አውሮፕላን የሰማ ታንከኛ መንገዱን ጥሎ ይበተናል። እነዚህ እንደ ሠርገኛ ተሰልፈው ይመጣሉ! ዘርዓብሩክ የኋለኛውን አጋየው።»

ቡሽራ የያዘውን ሳህን መሬት አስቀመጠ። «የኋለኛውን?»

«ቀድሞ እሱ ነው አልኩህ እኮ።»

«ወዴት ነበር የሚሄዱት?»

«ወደኛ ነዋ! ከምሥራቅ ወደ...» ኮሎኔል ፀሐዬ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ለምን አልተበተኑም ብለው ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ያልጠየቁትን አሁን መጠየቅ የጀመሩ መሰሉ፤ ፊታቸው አመድ ለበሰ።

ከዚያ የተረፈ አንድ ወታደር ለእነ ቡሽራ ቤት ይዞት የመጣው ወሬ ይኸው ነበር፦ የማረክናቸውን እየነዳን ስንመለስ፣ ኢርፋን መጨረሻ ላይ ሆኖ፣ አውሮፕላን መታው። የማን አውሮፕላን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የጠላት ነዋ፣ ሌላ የማን ሊሆን?

ቡሽራ ተነስቶ መጣና የሺዓለም ፊት ቁጢጥ አለ። «እትዬ የሺ፣ ዘርዓብሩክ ያውቅ ነበር?»

አያውቅም ብትል የሚመሰክርባት የለም። የሚያውቀው ተቀብሯል።

«ያውቅ ነበር» አለች። «ፒያሳ የገባነው ላንተ ብሎ ነው።»

«አይቶታል?»

«ሮኬቱን ከለቀቀ በኋላ። አንድ ልጅ ከታንኩ ብቅ ብሎ እጁን ያውለበልብ ነበር አለኝ። የኛ አውሮፕላን መጣ ብሎ፣ ደስ ብሎት።»

ቡሽራ ተነስቶ ወደ ድንኳኑ በር ሄደ። እዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሄደ፣ አለች በልቧ፣ ይኸው ሄደ። ከባሏ ሬሳ ጋር የቀረላትን ሁሉ የቀበረች መሰላት።

እሱ ግን ጫማውን አወለቀና ተመለሰ። ለቀስተኛው የሚቀመጥበትን ወንበር አልፎ መጥቶ ፍራሹ ላይ፣ ከጎኗ፣ የሐዘን ባለቤት የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቁጭ አለ።

«እናቴ ሬሳውን ካላየሁ አላለቅስም እንዳለች ሞተች» አለ። «እሷን ፈርተን ለኢርፋን ለቅሶ ተቀምጠንለት አናውቅም። ልቀመጥለት።»

ከዚያ ወንድሙን በስሙ ጠርቶ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ከሩቅ የሰሙ፣ ስሙን ያልለዩ ሁሉ ለሻምበሉ መሰላቸው። ለእሱም ሳይሆን አይቀርም።

የሺዓለም ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ከድንኳኑ ወጥታ መንገዱ ዳር ቆመች፤ ነጠላዋን አደግድጋ እንደ አዲስ መጭ ተመልሳ ገባች። ቡሽራ ፊት ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«አላህ ያጽናህ» አለችው።

ከዚያም ወደ ለቀስተኛው ወንበር ሄደች፤ ኮሎኔል ፀሐዬ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።