ተዉት ሲሉ

የመገናኛ ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ ተናኘ ከድንኳኑ ጥላ ሥር ብድግ አለች። ጥሪው ከጅጅጋ ነው። ሥራ አስኪያጁ ዐብዲረዛቅ በሬዲዮ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወራው፤ ፈረንጆቹ አለቆቹ ያዳምጡታል።

«ሊቭ ዘ ሆል» አለ፤ ሆል ያለው ጉድጓዱን ነው። ሌላም ነገር ጨምሮ ነበር፣ የሬዲዮው ጩኸት ዋጠው። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ጊዜው የዘጠና ሁለቱ ድርቅ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ከአፍደም ወጣ ብሎ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ከጀመረ ሰንብቷል። ቆፋሪው ስቴፓን የሚባል ዩክሬናዊ ሲሆን፣ ከሩሲያኛ በቀር ከሰው የሚግባባበት ቋንቋ አልነበረውም። ተናኘ የጅጅጋ ልጅ ናት። ያኔ የሶቪየት ከተማ ወደነበረችው ካርኮቭ ሄዳ ጂኦሎጂ ተምራ፣ ከተመለሰች በኋላ በተማረችው ሥራ አጥታ ስትንከራተት ኖራ፣ ያ ሩሲያኛዋ በአስተርጓሚነት እንጀራ የሆናት ገና በዚህ ድርቅ ነበር። መሰርሰሪያው ግን ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ገብቶ ከአቧራ በቀር ምንም አላወጣ አለ።

ስቴፓን እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «ሊቭ ሲል ሰምቻለሁ» አለና ከመኪናው ውስጥ ዘይት የጠጣ የእንግሊዝኛና ሩሲያኛ መዝገበ ቃላቱን አወጣ። በአውራ ጣቱ ቃሉን ፈልጎ ያነብ ጀመር። «መሄድ፣ መነሳት... መተው... ጥሎ መሄድ... ማውረስ...» ድንገት ፊቱ በራ። «የዕረፍት ፈቃድ! ፈቃድ ሰጡኝ እንዴ?»

«እሱ ስም ነው፣ ግስ አይደለም» አለችው። ሳትፈልግ ሳቀች።

«እሺ፣ የቱ ነው ታዲያ? አስታቪት ነው ወይስ ብሮሲት?»

አስታቪት ማለት እንዳለ ማቆየት፣ ባለበት መተው ነው። ብሮሲት ግን ጥሎ መሄድ ነው። በአማርኛ ቢሆን «ተወው» ብላ በተገላገለች ነበር፣ ሩሲያኛው ግን አንዱን ምረጪ ብሎ ያዛት። ደግሞም የትኛው እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። ዐብዲረዛቅ ከጅጅጋ ስትነሳ ነግሯታል፤ ውሃ ካልወጣ ማሽኑ ተነቅሎ ወደ አይሻ ይሄዳል፣ እዚያም ሰዉ በጥም አልቋል ብሎ።

የተናኘ አባት ወታደር ነበር። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት አንድ ጠዋት ከጅጅጋ ወጣ፣ አልተመለሰም። እናቷ ወይዘሮ ንጋቷ ካርኮቭ ስልክ ደውላ «አባትሽ ሄደ» አለቻት፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። ከተናኘ ጋር አንድ ክፍል የምታድር ሩሲያዊት ልጅ ደግሞ «በመኪና ሄደ? በእግሩ? ጥሏችሁ ነው የሄደው?» እያለች ጠየቀቻት፤ በቋንቋቸው እያንዳንዱ ሌላ ቃል ነው። የትኛው እንደነበር ተናኘ እስከ ዛሬ አታውቅም።

የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ ጃማ ከግራሩ ሥር ተነስተው መጡ። ከኋላቸው ባዶ ጄሪካን የያዙ ሴቶች ተከተሏቸው።

«ምን አሉ፣ ልጄ?» አሏት በአማርኛ።

«ተዉት አሉ።»

«ማሽኑን ነው ወይስ እኛን?»

ባዶዎቹን ጄሪካኖች አየች። ወደ ስቴፓን ዞረች። «አስታቪት» አለችው። «ማሽኑን እንዳለ ተወው፣ አትንቀለው፣ ቁፋሮው ይቀጥል ነው የሚሉት።»

ስቴፓን መዝገበ ቃላቱን ከደነ። ከዚያ ትከሻውን ነቅንቆ ሞተሩን ሊያስነሳ ሄደ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተናኘ መቀመጥ አቃታት። ከድንኳኑ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ሐዲዱ ትመላለሳለች። ሬዲዮው ሲጠራት «አይሰማም፣ አይሰማም» ብላ ትዘጋዋለች። የቀረበላትን ምግብ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ትተዋለች። መሰርሰሪያው ድምፁን በቀየረ ቁጥር ወደ ጉድጓዱ ትሮጣለች። ስቴፓን ሲያፏጭ ደግሞ ይብስባታል፤ አምኗታልና።

ባቡሩ ሲመጣ ዝም ብላ መቆም አልቻለችም፣ ጣቢያው ድረስ ሄደች። ከአይሻ ጨርቅ ይዛ የምትመጣ ፋርቱን የምትባል ነጋዴ ነበረች። ጓዟን እያወረደች ተናኘን በለበሰችው የድርጅቱ ሰደርያ ለየቻት።

«የማሽኑ ሰዎች አይደላችሁ? ወደኛ ትመጣላችሁ ተብሎ ሰዉ ከገጠር ሁሉ ተሰብስቦ እየጠበቀ ነው። ምን ያዛችሁ?»

«እዚህ አላለቀም» አለች ተናኘ።

«እንግዲህ አላህ ያፍጥነው። ትናንት የእህቴን ልጅ ቀበርን።»

ተናኘ አብራት መቆም አልቻለችም። ሮጠች ሊባል ጥቂት በቀረው እርምጃ ተመለሰች። ለስቴፓን እውነቱን ልትነግረው ከማሽኑ አጠገብ ደረሰች፣ ስሙንም ጠራች። ሞተሩ ስለሚጮኽ አልሰማትም። ደግማ አልጠራችውም።

ውሃው የወጣው በማግስቱ ነው። ጉድጓዱ መጀመሪያ ግራጫ ጭቃ ተፋ፣ ቀጥሎ ውሃው እየጠራ መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጂ ጃማ በመዳፋቸው ቀድተው ቀመሱና ተፉት፤ ደግመው ቀመሱ። ሙቅ ነው፣ ጨዋማ ነው።

«ግመሉ ይጠጣዋል» አሉ። «ፍየሉም ይለምደዋል። ሰው... ሰውም የባሰ ቀን ይጠጣዋል። አልሐምዱሊላህ።» ደስታቸው ግማሽ እንደሆነ ከፊታቸው አነበበች።

ዐብዲረዛቅ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ከመኪናው ሳይወርድ ነው መጮህ የጀመረው።

«ሊቭ አላልኩም? ጥላችሁ ውጡ አላልኩም? አይሻ ሰው እየሞተ ነው!»

«ሰምቻለሁ» አለች ተናኘ።

ስቴፓን አንዱን ከአንዱ እያየ «ምን ነው የሚለው?» አላት።

«ብሮሲት ነበር ያለው» አለችው። «እያወቅኩ ነው ሌላ የነገርኩህ።»

ስቴፓን ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረ። «በኔ እጅ?» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ይሄን ሁሉ ሰው ያስጠበቅኩት እኔ ነኝ ማለት ነው? ብትጠይቂኝ ምናልባት እኔም እንቀጥል እል ነበር። አልጠየቅሽኝም።» ከዚያ ጀርባውን ሰጣት።

ዐብዲረዛቅ የሚፈሰውን ውሃና ተጋፍተው የሚጠጡትን ግመሎች ቆሞ አየ። ቁጣው ባይበርድም ድምፁ ወረደ። «ሌላ ሩሲያኛ የሚያውቅ ሰው ባገኝ ዛሬውኑ ወደ ጅጅጋ በመለስኩሽ ነበር። የለኝም። የአይሻው ቁፋሮ ሲያልቅ ግን ከኛ ጋር ያለሽ ሥራ አበቃ።»

«እሺ» አለች።

ማሽኑን ነቅለው፣ በድሬዳዋ በኩል አድርገው አይሻ ሲደርሱ ሰዉ በመኪናው ዙሪያ ግር ብሎ ወጣ። ፋርቱንም ከመካከላቸው ነበረች፤ ተናኘን አይታ ቀና አለች፣ ግን ሰላም አላለቻትም። ተናኘ ወርዳ የምትሠራው ፈለገች፤ ገመድ ያዘች፣ ድንጋይ አነሳች፣ እጇ ተላጠ። ስቴፓን መንገዱን ሙሉ አላናገራትም ነበር። ማሽኑን አቁሞ የብረት እግሮቹን ካደላደለ በኋላ ግን ወደ እሷ መጣ።

«ፍየሎቹን ከዚህ ያርቁ በያቸው» አላት። «ሕፃናቱንም። ያልኩትን ብቻ ተርጉሚ።»

ተናኘ በእናቷ ሰፈር በተማረችው ሶማሊኛ ወደ ሰዉ ጮኸች። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደኋላ ሸሹ፣ ፍየሎቹ ተበተኑ፣ ሞተሩም ተነሳ።