በረኪና የነካው ምላጭ

ዝናቡ ሦስት ወር ሙሉ አላባራም። የፀጉር ቤቱ ግድግዳ አላበው፣ ፎጣ አልደርቅ አለ፣ ደንበኛ ተመናመነ። በሁለተኛው ወር የቆዳ በሽታ ገባ። የጤና ተቆጣጣሪዎች እየዞሩ ስለት ሁሉ በረኪና ውስጥ ይነከር ብለው አዘዙ። ያልነከረ ይታሸግበታል። በዚያው መንገድ ላይ ሁለት ቤት ታሸገ።

ተቆጣጣሪው ፀጉር ቆራጩ ዘንድ በመጣ በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ስልኩ ጮኸ። የሙያ አባቱ የሽማግሌው ልጅ ነች።

"አባባ ነገ ሆስፒታል ይገባሉ። ከሰዓት ናና ላጫቸው። በራሴ ምላጭ ነው ብለዋል።"

"እሺ፣ እመጣለሁ።"

"ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ላይ ናቸው። ትንሽ ከተቧጨሩ አይቆምላቸውም። እጅህን አደራ።"

ስልኩን ዘግቶ መሳቢያውን ከፈተ። ምላጩን ዘረጋው። ከጀርባው እስከ ስለቱ ጥቁር ነጠብጣብ ወርዶበታል፣ ኩፍኝ እንደያዘው ሕፃን።

"ወይኔ ጉዴ!"

ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቁን ለቀቁለት። ምላጩን ግን "እስክፈልገው ያዝልኝ" ብለው ነበር የሰጡት። እንደ ዛሬዎቹ የማይዝግ አይደለም፣ የድሮ ካርቦን ብረት ነው። ስለቱ ፀጉር ይሰነጥቃል፤ እርጥበት ካገኘው ግን ወዲያው ይበላሻል። ዘጠኝ ዓመት በየሳምንቱ እያወጣ ወልውሎ፣ ዘይት አስነክቶ መልሶታል። ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ሲደርስ ግን ድንግጥ አለና እጁ የገባውን ስለት ሁሉ ባልዲው ውስጥ ጨመረ። ያን ምላጭ መንከር አያስፈልግም ነበር፤ ማንም አልተላጨበትም። ሰውየው ወረቀቱን ጽፎ እስኪጨርስ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ምላጩን አበስ አድርጎ አጠፈውና ከተተው። ያበሰበት ፎጣ ራሱ እርጥብ ነበር።

በሩን ዘግቶ ሥራ ጀመረ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይት እያስነካ፣ ከላይ ወደ ታች ፈተገ። ጥቁሩ ወደ ግራጫ ተለወጠ። አንዷ ነጥብ ግን ስለቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ብረቱን በልታ ጎድጉዳለች። እንዲህ ያለች ጉድጓድ ቆዳ ትይዛለች፤ ከያዘች ትቀድዳለች።

የመሳያ ድንጋዩን በውሃ አርሶ ይስል ጀመር። ላቡ አንገቱ ላይ ወረደ።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ በቅጥነቱ "መርፌ" የሚሉት፣ በጓሮ በር ገባ።

"ሞተሃል ወይስ ታሽገሃል?"

"ሁለቱም ይሻለኝ ነበር።"

መርፌ ምላጩን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። ታሪኩን ሲሰማ ግን ሳቀ። "ያንተን ውሰድላቸዋ! እጀታው ያው ጥቁር ቀንድ ነው። ዓይናቸው እንደሆነ ደክሟል።"

"ያውቁታል።"

"በምን?"

"በድምፁ። ቆዳ ላይ ሲሄድ ሌላ ነው።"

"ይዘፍናል በለኛ! እንግዲያው ያንተን ቶሎ ዘፈን አስተምረው።"

ፀጉር ቆራጩ አልሳቀም። እስከ ሰባት ሰዓት ሳለ። በመጨረሻ ከክንዱ ላይ ፀጉር ቆርጦ ሞከረ። ቆረጠ፣ አልያዘም። ግራጫው ጠባሳ ግን አልሄደም። ቢሆንም ሲወጣ የሽማግሌውን በቀኝ ኪሱ፣ የራሱን በግራ ኪሱ ከተተ። መንገዱን ሁሉ ሁለቱንም እየዳሰሰ ሄደ።

ልጅቱ በሩን ከፈተችለት። አርባ ዓመት አልፏታል፤ የቢሮ ጽዳት ነው የምትሠራው፤ እጇ ከሳሙና ብዛት ነጭ ሆኗል። ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከስተዋል።

"አመጣኸው?" አሉ።

እጁ ወደ ግራ ኪሱ ሄደ። ቆመ። ከዚያ የቀኙን አውጥቶ ጭናቸው ላይ አኖረ።

"ጋሼ፣ አበላሽቼዋለሁ። በረኪና ነክሬ ረሳሁት።"

ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ብረቱን ዳበሱ።

"እርጥቡን አጠፍከው?"

"እርጥቡን።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩህ ለዚህ ነው! ስለቱስ?"

"አንዲት ነጥብ ነበረች። በድንጋይ አወረድኳት። ክንዴ ላይ ሞክሬዋለሁ።"

"እንግዲህ ምን ቆመሃል? ላጨኛ።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አየሽው? አጠፋ፣ አጠፋሁ አለ። አንቺ ግን የዚህን ምላጭ ጫፍ ሰብረሽ እስከ ዛሬ 'እኔ አይደለሁም' እንዳልሽ ነው።"

"አይደለሁማ" አለች፣ ቀና ሳትል። የሞቀውን ውሃ ሳህን ላይ እየቀዳች ነበር።

ፀጉር ቆራጩ አረፋውን አገጫቸው ላይ ቀባ። ብሩሹ እጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

ያኔ እሱ አሥራ አራት፣ እሷ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ሁለቱም ሱቁ ውስጥ ይማሩ ነበር፤ በሙያው እሷ ትበልጠው ነበር። አንድ ቀን ምላጩ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ጫፉ ተሰበረ። ሽማግሌው ጫፉን ሞርደው ክብ አደረጉት። ልጃቸውን በመሳያው ቆዳ ገረፏት፤ ዳግመኛ ሱቁን እንዳትረግጥ አሉ። ሙያው ለእሱ ቀረ። ኋላም ሱቁ።

ምላጩን አነሳ። እንዲህ በሚንቀጠቀጥ እጅ እኚህን ሰው መላጨት አይቻልም። መልሶ አስቀመጠው።

"ጋሼ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ የጣልኩት።"

አረፋው አገጫቸው ላይ መድረቅ ጀመረ።

"ያኔ?" አሉ ሽማግሌው።

"ያኔ። ፈራሁ። ከዚያ በኋላም ፈራሁ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። አየሩን ያዙ እንጂ አላገኟትም። እሷ ራሷ ቀርባ ያዘቻቸው።

"ምነው ዝም አልሽ?" አሏት።

"ሠላሳ ዓመት ተናገርኩ፣ አባባ። አሁን ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ይላጭዎት።"

ላጫቸው። እጁ አልተንቀጠቀጠም። አንዲት ጠብታ ደም አልወጣም። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ምላጩን ሊያጸዳ አለና ተወው፤ በእጀታው በኩል ለእሷ ዘረጋላት።

"ከጀርባው ወደ ስለቱ ነው የሚጠረገው፤ እንዳይ..."

"አውቃለሁ። ካንተ በፊት የተማርኩት እኔ ነኝ።"

በሙቅ ውሃ አለቀለቀችው። በደረቅ ጨርቅ ጠረገችው፤ ጨርቅ ቀይራ ደገመችው፤ እጀታው የሚገጥምበትን ስንጥቅ እንኳ አልተወችም። ዘይት በጣቷ አስነካችውና ሳታጥፈው መስኮቱ ላይ አኖረችው።

ፀጉር ቆራጩ ካፖርቱን ለበሰ።

"ሱቅ ውስጥ ሁለተኛው ወንበር ሰው የለውም" አላት። "ገቢውን እኩል እንካፈላለን። ስትፈልጊ ነይ።"

"አዝነህልኝ ነው?"

"አይደለም። የወሰድኩብሽን ነው።"

ይቅር አልኩህ አላለችም።

"አባባ ከሆስፒታል ይውጡ" አለች። "ከዚያ ምላጬን ይዤ እመጣለሁ።"