የሳቫና ተቀባዮች

ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ፣ መንገድ ላይ ቢወድቅ ማን ስሙን ጠርቶ ያነሳዋል? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ፤ የልጅ ልጄ ሃሴት ጆርጂያ በምትባል ሩቅ ግዛት ውስጥ ሳቫና የምትባል የጥንት ከተማ ልታይ ብቻዋን ልትሄድ ነው። ለሰርግ አይደለም፣ ለለቅሶ አይደለም፣ ለሥራም አይደለም። ዝም ብላ ልታይ።

ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ያረጁ ቤቶች፣ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ የመናኝ ጢም የመሰለ ነገር ያንጠለጠሉ ትልልቅ ዛፎች። ከዛፎቹ ሥር ባዶ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ቁጭ ብላ እንደምትውል በጣቷ እየነካች ነገረችኝ። እኔ ወንበሩን ሳይ ዛፉ ታየኝ። ቅርንጫፉ ቢገነጠልስ? እባብ ቢኖርስ? እሷ እንደሆነች ስትሄድ ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍና ነው፤ ከኋላዋ መኪና ቢመጣ አትሰማም።

እናቷ ልዕልት ፌደራል ዌይ በምትባል ጎረቤት ከተማ አረጋውያን ስትንከባከብ አድራ ነው የምትገባው። «ተያት እማዬ፣ ትልቅ ሰው ናት» ብላኝ ተኛች። ለእሷ ቀላል ነው። ሬንተን ባለችው አፓርታማችን እኔና ሃሴት አንድ ክፍል ነን፤ ስታስል የምነቃው እኔ ነኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለፍቅርአዲስ አጫወትኳት፤ ፅዋ አብረን የምንጠጣ የማኅበር እህቴ ናት። ሳቫና ስላት ሳቀችብኝ። ወንድሟ ወልደ ሥላሴ ለካ እዚያ ነው የሚኖረው! ደረቴን ቀለል አለኝ። የሃሴትን ስልክ፣ የምትበርበትን ቀን፣ የምታርፍበትን ሆቴል ሳይቀር እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ነገርኳት። በእኛ ዘንድ ለመንገደኛ ተቀባይ መፈለግ ነውር አይደለም፤ የሚታዘንለት ተቀባይ የሌለው ሰው ነው።

ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ልብሷን እያጣጠፈች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ከፍታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ጋሽ ወልደ ሥላሴ ነበር። ሆቴሉን እንድትተወው፣ ባለቤቱ ክፍል እንዳሰናዳችላት፣ እሱም ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ከተማውን በመኪናው እንደሚያዞራት ነገራት። ወንዙን የሚያሳያት ደግሞ አንድ ጨዋ ልጅ አለ፤ ኢንጂነር ነው፤ አላገባም። ሃሴት ለታላቅ እንቢ አይባልምና «እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ከዘጋችው በኋላ የያዘችውን ሸሚዝ ማጣጠፉን ተወችው።

«እማማ፣ ምን አደረግሽ?»

«ሰው አገኘሁልሽ።»

«ሶ፣ በአውሮፕላን ተሳፍሬ መልሼ እዚሁ ሬንተን ልገባ ነዋ።»

ለቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሆስፒታል የሕመምተኛ ደም ስትቀዳ ትውላለች፤ እዚያ ሃሴት፣ ሃሴት ይሏታል፤ ቤት ስትገባ መጥራቱን እኔ እቀበላለሁ።

«አንድ ጊዜ እንኳን ማንም ስሜን የማይጠራበት ቦታ መዋል ፈልጌ ነው» አለችኝ።

«ልጄ፣ ስሙን የሚጠራለት ያጣ ሰው እኮ ሙት ነው።»

«ኦኬ» አለች። ሃሴት ኦኬ ካለች ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው። በማግስቱም ሻንጣው አፉን እንደከፈተ መሬት ላይ ዋለ፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። ትሄድ ይሆን ትቀር? ብትቀር ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

የበረራዋ ዕለት ጠዋት ስልኬን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። እነ ወልደ ሥላሴ ጋ ሰዓቱ ይቀድመናል፤ ረፍዷል። እውነቱን ልናገር ነበር ሐሳቤ። ነገር ግን ክፍል ያሰናዳን፣ ከሥራ የቀረን ሰው «አልፈለገችህም» እንዴት ይሉታል?

«አሟታል፤ ቀርታለች» አልኩት።

ምላሴን ነከስኩ። አውሮፕላን ልትሳፈር በተነሳች ጤነኛ ልጅ ላይ በሽታ ጠራሁባት። ሟርት ከክፉ ጎረቤት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

«ምኗን ነው እማማ?»

«ሆዷን።»

«ምሕረቱን ያምጣላት። እንደውልላታለን። ለፍቅርአዲስም እነግራታለሁ፤ ትጠይቃታለች፤ እርስዎም አይጨነቁ።»

አይጨነቁ! ፍቅርአዲስ ታማሚ ለመጠየቅ እንቅልፍ የላትም፤ ቀትር ሳይሆን ብርቱካን ይዛ በራችን ላይ ናት። ተኝታለች ብላት፣ ገብቼ ዓይኗን ካላየሁ ትላለች። ባዶ አልጋ ላሳያት ነው? «ከአፌ ይራቅ፣ ከአፌ ይራቅ» እያልኩ አማተብኩ።

ዘወር ስል ሃሴት ሻንጣዋን ይዛ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ምን ያህሉን እንደሰማች አላውቅም፤ ስለዚህ ነገርኳት።

«ሳቫና የሚቀበልሽ የለም። ታማ ቀርታለች ብያቸዋለሁ። ስልካቸውን እንዳታነሺ። ሆቴሉን ትተሽዋል እንዴ?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አልተወችውም።

ስትደርሺ ደውዪ፣ ከዛፍ ሥር አትቀመጪ፣ በር ቆልፊ፣ ማታ አትውጪ፤ ሁሉም ከአፌ ሊወጣ ነበር። ዋጥኩት።

«ውሃ ይዘሻል?» ብቻ አልኩ።

ውጭ የጠራችው መኪና ቆመ። ሃሴት ቀና ብላ አየችኝ። ተቆጥታ ይሁን አዝናልኝ አልለየሁትም። ከዚያ ሻንጣዋን አነሳች፤ እናቷ እንዳትነቃ በሩን ቀስ አድርጋ ከፈተችና ወጣች።