የቦረቦሩ አፋፍ ድንጋይ

መምህርት ዳናዊት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿን ከአሰላ በሚኒባስ ጭና፣ ከሁሩታ መንገድ ትንሽ ገባ ወዳለ ትልቅ ቦረቦር የወሰደቻቸው ጎርፍ አፈሩን እንዴት ቆርሶ እንደሚሄድ በዓይናቸው እንዲያዩ ብላ ነው። ጂኦግራፊን በሰሌዳ ብቻ ማስተማር ሰልችቷታል። ልጆቹም ደስ ብሏቸዋል፤ ከቦረቦሩ ግድግዳ ጥቁሩንና ቀዩን አፈር እየፋቁ በላስቲክ ይይዛሉ፣ ጥልቀቱን በገመድ ይለካሉ፣ አንዱ በአንዱ ጭቃ ይስቃል።

አፋፉ ላይ፣ ሳሩ መሀል፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ድንጋይ ነበር።

"ይሄ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ውስጡን እንየው" አለች ዳናዊት። "ነቢላ፣ መዶሻውን ያዢና ጫፉን ምቺው።"

ነቢላ አመነታች። "ቲቸር፣ ሰው ያቆመው ይመስላል።"

"ምቺው እንጂ፣ ሰዓት እየሄደብን ነው።"

ልጅቷ ደጋግማ ስትመታው ድንጋዩ ከወገቡ ተሰበረ። ዳናዊት ስባሪውን አንስታ ስታስረዳ፣ ከማዶ ካለው ቤት አንዲት አሮጊት ቀስ እያሉ መጡ። አልጮሁም። ጎንበስ ብለው ሳሩን በእጃቸው ገለጥ ሲያደርጉት፣ ዙሪያውን የተደረደሩ ትናንሽ ድንጋዮች ብቅ አሉ። መቃብር ነው። አጭር፣ የልጅ መቃብር።

አሮጊቷ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ዳናዊት የነጋዴ ልጅ ናት፤ ኦሮምኛዋ ከሱቅ አያልፍም። ወደ ነቢላ ዞረች።

"ማን ነው የሰበረው ነው የሚሉት" አለች ነቢላ።

ተማሪዎቹ ሁሉ ዳናዊትን ያያሉ። "ልጆች ናቸው፣ ሳያውቁ ነው በያቸው" የሚል ቃል ከአፏ አመለጠ።

ነቢላ ለአፍታ አየቻት። ከዚያ መዶሻውን እንደያዘች ወደ አሮጊቷ ዞራ "አነቱ ጨብሴ" አለች። እኔ ነኝ የሰበርኩት። ይቺን ለመረዳት የሱቅ ኦሮምኛም ይበቃል። ዳናዊት ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ጋለች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

አሮጊቷ የነቢላን ትከሻ ዳሰስ አድርገው ስባሪውን መልቀም ያዙ። ዳናዊትም አጠገባቸው ተንበረከከች።

"እማማ፣ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። እሷማ ጠርጥራ ነግራኝ ነበር። ነቢላ፣ እንዳልኩት ንገሪያቸው።"

ነቢላ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ዳናዊትን ቀና ብለው አዩና ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ።

"እዚህ የተቀበረችው ሴት ልጃቸው ናት" አለች ነቢላ። "ድንጋዩስ ይተካል፣ ቦረቦሩ ግን በየክረምቱ እየቀረባት ነው አሉ። አስተማሪ ከሆንሽ፣ ጎርፉ እንዳይወስድብኝ ምን ላድርግ ይሉሻል።"

ዳናዊት ጎርፍ እንዴት እንደሚወስድ ስታስረዳ አርፍዳለች፤ እንዴት እንደሚመለስ ግን አንድም ቃል አላነሳችም። ቁልቁል ወረደችና ድንጋይ መሸከም ጀመረች። ልጆቹ ተከተሏት። ሹፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ከመቃብሩ በታች የጎርፉን ኃይል የሚያበርድ ክትር ደረደሩ፤ በተሰበረው ቦታም ሌላ ድንጋይ አቆሙ።

ሚኒባሱ ውስጥ ዳናዊት የፊተኛውን ወንበር ትታ ነቢላ አጠገብ ተቀመጠች።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለቻት።

"እሺ ቲቸር" አለች ነቢላ፣ በጨዋ ልጅ ድምፅ። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና እስከ አሰላ ድረስ መንገዱን እያየች ሄደች።