መቋሚያው በር ላይ

መሪጌታ ልደቱ ሰገራቸው ላይ ደም ከታያቸው ወዲህ፣ የሚደማ ሰው አይገባምና፣ እንጦጦ ማርያም ቅኔ ማኅሌት አልገቡም። ከግቢው ዛፍ ሥር ቆመው የጓደኞቻቸውን ዜማ በሩቁ ይከተላሉ፤ መቋሚያቸው ከምንጣፍ ተለይቶ አፈር ለምዷል። ሕመሙ የፊንጢጣ ካንሰር ነው ሲባሉም መጀመሪያ የጠየቁት፣ ተመልሰው ይቆሙ እንደሆነ ነበር።

«ከቀዶ ጥገናው በፊት ጨረር ያስፈልጋል» አለቻቸው ዶክተር ሰልማ። «ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አምስት ቀን፣ ጠንከር ያለ። ሌላው አምስት ሳምንት፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከኪኒን ጋር።»

«የቱ ይሻላል?» አለች ልጃቸው ዓለም።

«ሁለቱም ይሠራሉ። የመሪጌታ ዕጢ ግን ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ረጅሙ አሳንሶልን መውጫውን ብናተርፍ ብዬ አስባለሁ፤ ቃል ግን አልገባም። ካልተረፈ ሰገራው ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይሆናል።»

«አጭሩ ይሁንልኝ» አሉ መሪጌታ። ኅዳር ጽዮን ደርሷል፤ አጭሩን ጨርሰው ተራራው ላይ ሊውሉ ነው።

ዓለም እስከ ሾላ ገበያ ይዛቸው ሄደች። ከታክሲ ሲወርዱ ክንዳቸውን ያዘች።

«አባባ፣ ለበዓሉ ቢደርሱስ የት ሊቆሙ ነው?»

«ከዛፌ ሥር።»

«ዛፉማ የትም አይሄድም። እኔን የሚያሳስበኝ የከርሞው ምንጣፍ ነው፤ በከረጢት ሆነው ሊገቡበት ነው?»

መሪጌታ ቀና ብለው ተራራውን ፈለጉት፤ ጉም ውጦታል። በማግስቱ ሐኪሟን «ረጅሙ ይሁንልኝ» አሏት፤ ማደሪያቸውም ዓለም ቤት ሆነ።

በበዓሉ ዋዜማ የማኅሌት ባልንጀራቸው መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ደወሉ።

«ዘንድሮ እንኳ ድምፄ ሊሰማልኝ ነው።»

«ለሕዝቡ አዘንሁለት።»

ሳቁ። ወልደ ሐዋርያትም፣ «ቦታህ ላይ ማንንም አላስቆምም» አሉ።

በነጋው መሪጌታ ልደቱ መቋሚያቸውን ከጨረር ክፍሉ በር አስደግፈው ማሽኑ ሥር ተጋደሙ። ተራራው ላይ ታቦቱ የሚወጣበት፣ ወረቡ የሚጀመርበት ሰዓት ነው።

«አባቴ፣ ትከሻዎን አያወዛውዙ» አለ ባለሙያው በድምፅ ማጉያው።

እየተወዛወዙ መሆኑን አላወቁም ነበር። «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉና ከአንገት በታች ድንጋይ ሆኑ። ወረቡ ወደ ውስጥ ገባ፤ እዚያ የሚከለክለው አልነበረም።

ሲወጡ መቋሚያቸውን አነሱ። ግቢው ውስጥ ፊታቸውን ወደ እንጦጦ መልሰው፣ ሲሚንቶው ላይ ቀስ ብለው ከፍ፣ ዝቅ አደረጉት።

ዓለም ያስቆመችውን ታክሲ፣ ሂድ ብላ በእጇ ሸኘችው።