ይጨርስ ተይው

ወንድሜ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ሩቅ ከተማ ከገባ ወዲህ መደወሉን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጭራሽ ተወው። አሁን የምናገኘው ኢንተርኔት ላይ በሚለቃቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ብቻ ነው፤ እነሱም እጁን እንጂ ፊቱን አያሳዩም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ ስለፈልፍ እውላለሁ፣ እሱ ቢታመም እንኳ ለሰው አይናገርም።

እናቴ ብርድ ልብስ ሰፊ ናት። በስልኳ ገዢና ጥጥ ስታፈላልግ ትውልና ሥራ ስትፈታ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ "እስቲ ልጄን አምጪልኝ" ትለኛለች። እከፍትላታለሁ። ገና ጣቶቹ መፍቻውን ሲያነሱ ማስታወቂያ ጥልቅ ይላል፦ አንድ ወጣት አልጋ ላይ ኩርምት ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ ይደርብና ፈገግ ይላል። ደሜ ይፈላል። ከወንድሜ የደረሰችን ያቺው ቁራሽ ናት፣ እሷንም ነጋዴ ይሻማናል። ልዘለው ስል እናቴ እጄን ትይዘኛለች።

"ይጨርስ ተይው። እሱ ነው ያስገባው፤ በረደኝ ማለት አፍሮ ነው።"

ስልኩ አንቺ የምትፈልጊውን እያየ ነው የሚያመጣልሽ፣ በእኔ ስልክማ የፀጉር ቅባት ነው የሚመጣው ብዬ ብለፈልፍ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ለደንበኛ ያስቀመጠችውን ምርጥ ጥጥ አውጥታ ብርድ ልብስ ሰፋችለት፤ ጠርዙ ላይ የሟች አባታችንን ሰማያዊ ካፖርት ቀድዳ ሰፋችበት። በአውቶቡስ ላከችለት።

እሱ ግን ደርሶኛል እንኳ አላለም። አዲስ ቪዲዮም ጠፋ። እናቴ የድሮዎቹን ደጋግማ እያየች ሰነበተችና አንድ ቀን፣ ማስታወቂያው ገና ብቅ ሲል፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ፣ "ዝለይው" አለችኝ። ያመነችኝ ያን ዕለት ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። እኔም ለካ ወንድሜ የላከው ቢሆን እመኝ ኖሯል።

ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት ቀን አዲስ ቪዲዮ መጣ። ያ ወጣት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቶሎ ዘለልኩት። የወንድሜ እጆች ታዩ። የተፈታው ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አልነበረም፤ ጉልበቱ ላይ፣ በሰማያዊው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ገጥሞ ሲጨርስ ስልኩን ወደ ራሱ አዞረው። ከስቷል። ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ግን ያው የቤታችን ዓይን ነው።

"እማዬ" አለ፣ "እንደበረደኝ ማን ነገረሽ?"

አለቀ። እናቴ አላለቀሰችም። በመዳፏ የስልኩን መስታወት ጠረገችና ድገሚልኝ አለችኝ። ደገምኩት፤ ማስታወቂያው መጣ። ጣቴ ከልማዱ ወደ መዝለያው ሲሄድ እናቴ ያዘችው። እኔም አልታገልኳትም፤ የሚንቀጠቀጠው ወጣት ብርድ ልብሱን እስኪደርብ ድረስ ሁለታችንም ጠበቅነው።